አዲሷን መኪናዬን የቧጨርኳት እኔው ነኝ

መኪናዋን በተረከብኩ በሦስተኛው ወር ነው ያየሁት። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ በር ላይ አቆምኳት። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ አረፈች። ጥቁሩ ቀለም ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየኝ። ድር መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ሞከርኩ። አልተነሣም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ናቸው፤ ክብ ክብ እየሠሩ የተጠላለፉ። ከኮፈኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኋላ ዞርኩ። የሌለበት ቦታ የለም።

መጀመሪያ የሰፈር ልጆችን ጠረጠርኩ። ግን ልጅ በሚስማር አንድ መስመር አውርዶ ይሮጣል እንጂ መኪና ሙሉ ክብ ሲሥል አይውልም። ይሄ የሚጠርግ እጅ ሥራ ነው። የማን እጅ? ቁጭ ብዬ ሳስበው ዝርዝሩ ረዘመ። የጥበቃው፣ የላቫጆው ልጆች፣ መብራት ላይ ጨርቅ ይዞ ብቅ የሚለው ልጅ፣ የእኔ። ሁላችንም ልናሳምራት ነው የነካናት።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ አዲስ መኪናውን ለገዛ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ድሮ ያገለገለ ቪትዝ ሲያፈላልግ የነበረ ሰው ዛሬ ከነላስቲኩ የመጣ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እየገዛ ነው። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቀለሙ ቀድሞ የተቧጨረ ስለሆነ ብዙም አይቆጫችሁም። አዲስ ሲሆን ግን የመጀመሪያዋን ጭረት የምታመጡት እናንተው ናችሁ።

ነገሩን ያስረዳኝ የመኪና ቀለም በመቀባት የሚተዳደር ወዳጄ ነው። ከላሜራው በላይ ፀረ ዝገቱ አለ። ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመሩ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚሉት እንደ ቫርኒሽ የጠራ ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። «አየህ» አለኝ፣ «ያ የሚያንጸባርቅልህ ነገር ከአንድ ፀጉር የሳሳ ነው። አንተ ደግሞ በየቀኑ ትፈገፍገዋለህ።»

አዋራ እንደ ጤፍ ዱቄት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ውስጡ የአሸዋና የድንጋይ ቅንጣት ነው። ከክሊሩ ይጠነክራል። ኮፈኑ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አያደርግም። ደረቅ ጨርቅ አሳርፈን ስንገፋው ግን ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጭረቶቹ በጥላ አይታዩም። ፀሐይ ወይም የነዳጅ ማደያ መብራት ሲያርፍባቸው ነው የሚወጡት። የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በንጹህ በር ላይ ጠጋ አድርጉት። በመብራቱ ዙሪያ ክብ ድር ከታያችሁ ወደ ማኅበሩ እንኳን ደህና መጣችሁ። ነጭና ብርማ መኪና ብዙ ይደብቅላችኋል። እኔ ጥቁር ገዛሁ። ሻጩ «ክብር አለው» ብሎኝ ነበር። ክብሩ እስኪታጠብ ድረስ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ከጥበቃው ልጀምር። የግቢያችን ጥበቃ ደግ ሽማግሌ ናቸው። በየማለዳው አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ጨርቅ ይዘው አምስት መኪና ይጠርጋሉ። የእኔ ተራ ሦስተኛ ነው። በዚያ ሰዓት የባልዲው ውሃ የጠላ ድፍድፍ መስሏል። ያንን ጨርቅ ነክረው፣ ጨመቅ አድርገው፣ የሁለት መኪና አዋራ በእኔ ኮፈን ላይ ያሹታል። እኔ ደግሞ ከመስኮት እያየሁ «እግዜር ይስጣቸው» እላለሁ። ወር ሲሞላ እከፍላቸዋለሁ። ለጭረቱ ማለት ነው።

ላቫጆው ሁለተኛው ነው። አንድ ቅዳሜ ቆሜ ሳያቸው ዋልኩ። ልጁ በአንድ ስፖንጅ መጀመሪያ ቸርኬውን ፈተገ። የፍሬን ሸራ ብናኝና የመንገድ አሸዋ የጠገበውን ያንኑ ስፖንጅ ይዞ ወደ በሩ ወጣ። መሐል ላይ ስፖንጁ ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። አነሣው፣ ሁለቴ አራገፈው፣ ቀጠለ። ሳሙናው የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፤ ያልሟሟው ቅንጣት በራሱ ይቧጭራል። መጨረሻ ላይ ጎማውንና ጥቁር ፕላስቲኩን በናፍጣ ጨርቅ አበሰልኝ። ለአንድ ቀን ያበራል። ላስቲክ ግን ናፍጣ አይወድም፣ እያደር ይጎዳዋል። በልጆቹ አልፈርድም። የሚከፈላቸው በመኪና ቁጥር ነው፣ መፍጠን አለባቸው። ዛሬም ክረምት ላይ ጭቃው ሲብስ ላቫጆ እሄዳለሁ። ግን «በፕሬሸር ውሃ ብቻ፣ በእጅ አትንኩት፣ አታድርቁትም» እላለሁ። እንደ እብድ ያዩኛል። ይዩኝ።

ሦስተኛው ላስቲኩ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ኮፈኑና ጣሪያዋ ላይ ነጭ መከላከያ ላስቲክ ተለጥፎ ነበር። ለጉዞ የተለጠፈ ነው። ከቻይና በባሕር ጂቡቲ፣ ከዚያ በአፋር በረሃ አድርጎ እዚህ እስኪደርስ ከጨውና ከአሸዋ ይጠብቃታል። እኔ ግን «አዲስነቷ ይታወቅ» ብዬ ሁለት ወር ተውኩት። የወንበሩን ላስቲክ ዓመት ሙሉ የማያነሣ ሕዝብ ልጅ ነኝ፣ ምን ይደረግ። ስልጠው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሙጫው ፀሐይ መትቶት ደርቆ ቀርቶ ነበር። ሙጫውን ለማስለቀቅ በጥፍሬ ፋቅኩት። የጥፍሬ ምልክት እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ አለ። እናንተ በተረከባችሁበት ሳምንት ላጡት። ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ወደ ኋላ አጥፋችሁ እየጎተታችሁ። ሙጫ ከቀረ ትንሽ አልኮል በለስላሳ ጨርቅ አድርጉና ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አስለቅቁት።

የምርቃቱን ቀን አላነሣውም። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ የአክስቴ ልጆች ኮፈኑ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ። የአንዱ ሱሪ ኪስ ላይ ብረት ቁልፍ ነበረበት። ይበቃል።

ጥበቃውን፣ ጋሼን፣ እንዴት ልንገራቸው የሚለው ከሁሉም ከበደኝ። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን መኪና አይጥረጉልኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ። ወርሃዊው እንዳለ ነው ብላቸውም አልተዋጠላቸውም። ሌላ ሰው የያዝኩባቸው መስሏቸዋል። ማታ ሲሆን ይዣቸው ወረድኩና የስልኬን ባትሪ በሩ ላይ አበራሁ። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ሁሉ የእኔ ነው?»

«የሁላችንም ነው ጋሼ።»

«እኔኮ ንጹህ ጨርቅ ነው የምይዘው» አሉ። ልክ ናቸው፣ ሲጀምሩ ንጹህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አብረን እናጥባለን። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ላሜራው የጋለ እንደሆነ ሳሙናውም ውሃውም ሳትደርሱበት ይደርቅና ምልክት ይተዋል። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ከሆነ ከቻርጅ ንቀሉት፣ የቻርጅ መሰኪያውን ክዳን ዝጉ። በፕሬሸር የምታጥቡ ከሆነ መሰኪያው፣ የበር ጎማና የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ውሃውን ከቅርብ አታነጣጥሩበት።

ዕቃው ብዙ አይደለም። መርካቶ ፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጡት ሁለት 15 ሊትር ባልዲ ገዛሁ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ከሶማሌ ተራ የመኪና ሻምፖ፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ያልበዛበት። እጅ የሚገባበት ማይክሮፋይበር (በጣም ከቀጠነ ክር የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ) ጓንት ሁለት፣ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ለማድረቂያ አንድ ትልቅ ወፍራም ማይክሮፋይበር ፎጣ። ለቸርኬ የተለየ አሮጌ ስፖንጅና ብሩሽ። ውጭ አገር በባልዲው ታች የሚያስቀምጡት ወንፊት አለ፤ ቆሻሻው ዘቅጦ ከሥሩ እንዲቀርና ጓንቱ ተመልሶ እንዳያነሣው ነው። እዚህ አላገኘሁትም። የፓስታ ማጥለያ ገልብጬ ከታች አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ስትፈልገው ነበር።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለምን አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን ቢታጠብ ቀለሙ አይላጥም። ሥራው ስብ ማንሣት ስለሆነ ግን ቀለሙን እንዲጠብቅ የቀባችሁትን ሰም ይዞት ይሄዳል። ሰም ልትቀቡ ስትሉ ሆን ብላችሁ አሮጌውን ለማንሣት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ለየሳምንቱ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ቸርኬውን እናጥባለን፣ በራሱ ዕቃ። በነገራችን ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ቸርኬው ቶሎ አይጠቁርም፤ እግራችሁን ከፍጥነት መስጫው ስታነሡ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ፍሬን ሸራው ብዙ አይበላም። ከዚያ መኪናዋን ከላይ ወደ ታች በውሃ ብቻ። ይቺን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ከሁሉም የምትበልጠው ግን እሷ ናት። ጓንት ከመንካቱ በፊት የሚወርደው አዋራ ሁሉ የማይቧጭር አዋራ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሃ ጎማ ዘርግቶ ማፍሰስ ነውር ነው፤ እኛም በሮቶ ውሃ ነው የምንኖረው። ስለዚህ የአትክልት መርጫ ገዛሁ፣ በእጅ የሚነፋውን፣ 5 ሊትር። መድኃኒት ያልነካው አዲስ መሆን አለበት። ሁለቴ ሞልቼ እረጫለሁ። ጭቃ ካለ ሻምፖ የተቀላቀለበት ውሃ ረጭቼ አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ይርሳል፣ ይላቀቃል፣ ራሱ መውረድ ይጀምራል።

ከዚያ ሁለቱ ባልዲዎች። ሰማያዊው ሻምፖ፣ ቀዩ ንጹህ ውሃ። ጓንቱን ሰማያዊው ውስጥ ነክሬ ጣሪያውን አጥባለሁ። ክብ እያዞርኩ አይደለም፤ ቀጥ እያልኩ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሳልጫን። የጓንቱ ክብደት ብቻ ይበቃል። ግማሽ ጣሪያ ሲያልቅ ጓንቱን ገልብጬ በሌላ ፊቱ። ከዚያ ወደ ቀዩ። ማጥለያው ላይ አሸት አሸት፣ ጭምቅ፣ እንደገና ወደ ሰማያዊው። መስታወት፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ። ከበሩ መሐል በታች፣ ፓራፋንጎና የኋላው መከላከያ አሸዋ የሚጠራቀምበት ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው ጓንት። ጓንት መሬት ከወደቀ ለዕለቱ ጡረታ ወጥቷል። ብታራግፉትም፣ ብታጥቡትም አታምኑት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስንጨርስ ጋሼ ቀዩን ባልዲ ቀስ ብለው ደፉት። ማጥለያውን አነሡ። ከታች አንድ እፍኝ የሚሆን ጥቁር አሸዋ ተኝቷል። በጣታቸው ቆንጥረው አሹት። «ይሄንን ነው እንዴ ስንወለውልባት የኖርነው?» አሉ። ከእኔ አንድ ሰዓት ማብራሪያ ያቺ እፍኝ አሸዋ በለጠች።

ማድረቅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የታጠበ መኪና በነፋስ ይድረቅ ካላችሁ፣ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ። ፎጣውን ኮፈኑ ላይ ዘርግታችሁ፣ መታ መታ አድርጋችሁ፣ ወደ እናንተ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። መፈተግ የለም። አሮጌ ካናቴራ፣ የፊት ፎጣ፣ አቡጀዲ አይሆንም። ነጠብጣቡ ቀርቶ ከሆነ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ንጹህ ውሃ አድርጋችሁ ጠርጋችሁ ወዲያው እጠቡት። ማይክሮፋይበሮቹን ደግሞ ከሌላ ልብስ ለይታችሁ፣ ያለ ማለስለሻ እጠቡ፤ አለዚያ የጥጥ ብናኝ ይሰበስቡና ይበላሻሉ። የእኛ ቤት ሠራተኛ አንዴ ከጋቢ ጋር አንድ ላይ አጥባብኝ፣ ፎጣው በግ መስሎ ወጣ።

ውሃ በጣም ካነሰ ደግሞ ያለ መለቅለቅ የሚታጠብበት ፈሳሽ አለ። አንድ ባልዲ ውስጥ ጠብ አድርጋችሁ፣ ስምንት ያህል ማይክሮፋይበር ነክራችሁ፣ እያንዳንዱን አንድ ቦታ አንዴ ብቻ ጠርጋችሁ ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው። የተጠቀማችሁበት ጨርቅ ወደ ባልዲው አይመለስም። 10 ሊትር ይበቃል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ይሄ ነው የሚሻለው። ጭቃ ላይ ግን አይሠራም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ በብሩሽ በሚያጥበው ማሽን ውስጥ ነድቶ ነው የሚወጣው። ሳምንት ሳይሞላ ፎቶ ላከልኝ፣ የእሱም ድር። ብሩሹ ከፊቱ የገባውን መኪና ጭቃ ይዞ ነው የሚጠብቀው። እዚያ ያላችሁ ብሩሽ የሌለውን፣ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበውን ምረጡ። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ስላለ ደግሞ ከሥር የሚረጨውን አትዝለሉ።

ወደ መከላከሉ ልምጣ። እዚህ ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ብዙም ይዋሻል።

አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ቀለሙ ላይ ተቀብቶ ስለሚጠነክረው ፈሳሽ፣ «ሴራሚክ እናድርግልህ፣ 9ኤች ነው፣ በሚስማር ብትፍቀው አይነካውም» ተባልኩ። ያ 9ኤች እንደ አልማዝ ጥንካሬ አድርገው ነው የሚሸጡት። እውነቱ የእርሳስ መለኪያ ነው። በላዩ ላይ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው እርሳሶች ተፈትነው 9ኤች የሚባለው እርሳስ አልጫረውም ማለት ነው። አሸዋ እርሳስ አይደለም። ሴራሚክ መጥፎ ነገር አይደለም። ውሃው እንደ ጤዛ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻ አይጣበቅም፣ በደንብ ከተሠራ ከዓመት በላይ ይቆያል። ግን ጠጠር አይመልስም። የጋሼንም ጨርቅ አይመልስም። ደግሞ የተቧጨረ ቀለም ላይ ከተቀባ ጭረቱን አሽጎ ያስቀምጥላችኋል። ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ መስተካከል አለበት፤ ዋናው ወጪም እሱ ነው።

ጠጠር የሚመልሰው ፒፒኤፍ የሚሉት ግልጽ ላስቲክ ብቻ ነው። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከመኪናዋ ቀለም ሁሉ ይበልጣል። ሙሉ መኪና ማልበስ ለእኔ አቅም አይደለም። በአዳማ መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ የሚነዳ ሰው ግን የኮፈኑን ፊትና መከላከያውን ብቻ ቢያስለብስ አይቆጨውም።

ሰም የድሮው መንገድ ነው። ካርናውባ የሚባለው ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው። ያምራል፣ በተለይ ጥቁር ላይ። ዕድሜው ግን ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው። በቅኔ ሰሙን ገፈን ወርቁን እንፈልጋለን፤ እዚህ ሰሙ ከተገፈፈ ወርቁም ተከትሎ ይሄዳል። እኔ የመረጥኩት ሲላንት የሚባለውን ሰው ሠራሽ መከላከያ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ በእጅ ይቀባል፣ ዋጋው ከሴራሚክ ጋር አይነጻጸርም። በዓመት ሁለቴ እቀባለሁ። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ። ለጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ተሳስታችሁ ብትቀቡት እንኳ ይለቃል።

«አዲስ መኪና ለስድስት ወር ሰም አይቀባም፣ ቀለሙ ይተንፍስ» የሚሏችሁን አትስሙ። ፋብሪካ ላይ ቀለሙ 140 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ተጋግሮ ነው የሚወጣው፤ በስሏል። መተንፈስ ያለበት ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ አካል ነው። እሱን ቀለም ቀቢው በነገራችሁ ጊዜ ልክ ጠብቁለት፤ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል።

ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። መኪናው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ኮፈኑን ዳስሱት። እንደ መስታወት ከሄደ ጥሩ። ሻከር ሻከር ካለ በውሃ የማይለቅ ነገር ተጣብቋል። የእኔ አዲሷ መኪና ሻካራ ነበረች፤ ከመርከብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስንት አየር ላይ ቆማለች። እሱን የሚያነሣ እንደ ልጆች ጭቃ የሚለጠጥ ክሌይ አለ። ሻምፖ ውሃ እየረጫችሁ ቀስ ብላችሁ ታንሸራትቱታላችሁ። መሬት ከወደቀ ይጣላል። በዓመት አንዴ ይበቃል፤ እሱም በተራው ትንሽ ይቧጭራል።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ስለማይሞቅ ፀሐይዋን እንንቃለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጣሪያቸው እንደ እባብ ቆዳ የተላጠ መኪኖችን አይታችኋል? ክሊሩን ፀሐይ በልቶት ነው። ከማንኛውም ሰም ይልቅ ጥላ ይበልጣል። የመኪና ሸራ ግን ተጠንቀቁ። አዋራ ላይ ሸራ ጥላችሁ ነፋስ ሲመታው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትግ ያድራል።

ጥላ ስትፈልጉ ደግሞ ዛፍ ሥር ትገባላችሁ፣ ከላይ ወፍ አለ። የወፍ ኩስ አሲድ ነው። ፀሐይ ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ክሊሩን ሊበላ ይችላል። እሱ እስከ ቅዳሜ አይቆይም። እንዳትፍቁት። ሶፍት በውሃ አርሳችሁ ላዩ ላይ አስተኙት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከላይ አንሡት። የመኪናዋ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ትንሽ ውሃ መርጫና ሁለት ጨርቅ ሁልጊዜ አለ። የዛፍ ሙጫ ከሆነ ከኮሮና ዘመን የተረፈችውን ሳኒታይዘር አንድ ደቂቃ አቆዩበት፣ ይለቃል። መንገድ ሲሠራ የሚፈናጠር ሬንጅ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጫፍ ይነሣል፣ ግን ያንን ቦታ ወዲያው በሻምፖ እጠቡ። አሁን በየመንገዱ ግንባታ ነው፣ ሲሚንቶ ይፈናጠራል። ትኩስ ሳለ በብዙ ውሃ። ከደረቀ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ደጋግማችሁ አርሱት እንጂ በጥፍር አትሞክሩት። ጣሪያዬን አስታውሱ።

የተቧጨረው ምን ሆነ? ያ ቀለም ቀቢ ወዳጄ በመለኪያ ውፍረቱን አንድ በአንድ ለካና በቀላል ማሽን አንዴ ወለወለልኝ። መወልወል ማለት ከክሊሩ ጥቂት ማይክሮን መላጥ ነው። ቆጥረው የሰጡን ነገር ስለሆነ በየዓመቱ አይደረግም። «ጥልቅ የሆኑትን ልተዋቸው፣ ኑርባቸው» አለኝ። ተዋቸው። ፀሐይ ሲመታት አሁንም ሰባት ስምንት መስመር ይታየኛል። ለሌላ ሰው አይታየውም፣ እኔ ግን ቦታቸውን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር መኪናዋ እስከ ስፖኪዮዋ ጭቃ ለብሳ ገባች። ጠዋት ስወርድ ጋሼ ሌሎቹን አራት መኪኖች ጠርገው ጨርሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የእኔ ፊት ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ምን እደር ትለኛለህ፣ እያየኋት እጄን ሲበላኝ አደረ» አሉ። «ግን አልነካኋትም። ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው?»